እንባው ደርሷል፣ ወረቀቱስ?

(በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጉባኤ ላይ ስለ ንስሐና ድኅነት የተደረገ ንግግር ነው። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ? የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? ጥሩ። ድምፄ ዝቅ ካለ እጃችሁን አውጡ።

የዛሬው ርዕሳችን ንስሐ ነው። "ይህንንማ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሰምተነዋል። ግን አንድ ሰው ድንገት መንገድ ላይ አቁሞ "ንስሐ ገብቻለሁ ስትል በትክክል ምን አድርገሃል ማለት ነው?" ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አልቅሻለሁ? ተናዝዣለሁ? ጾሜያለሁ? ትቻለሁ? እስቲ ለራሳችሁ በልባችሁ መልሱ። እኔ እጠብቃለሁ።

ጌታ ኢየሱስ በማርቆስ ወንጌል ስብከቱን የጀመረው በዚሁ ነው። "ዘመኑ ተፈጸመ፣ የእግዚአብሔርም መንግሥት ቀርባለች፤ ንስሐ ግቡ፣ በወንጌልም እመኑ" አለ። ከእርሱ በፊት መጥምቁ ዮሐንስም በዚሁ ጀመረ። በበዓለ ሃምሳ ቀን ሕዝቡ ልቡ ተነክቶ "ምን እናድርግ?" ሲል ጴጥሮስ መጀመሪያ የመለሰው ይህንኑ ነው። በሩ ይህ ከሆነ፣ በሩ ላይ ቆመን ተሳስተን እንዳንመለስ መጠንቀቅ አለብን።

ሦስት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ መጸጸትና ንስሐ መግባት አንድ ናቸው ወይ? ሁለተኛ፣ የዳንነው በጸጋ ከሆነ ንስሐ ለምን አስፈለገ? ሦስተኛ፣ ከእንባው በኋላ ምን ይመጣል? ሦስተኛው ላይ ስለምቆይ የመጀመሪያዎቹን ቶሎ ቶሎ ካልኳችሁ ታገሱኝ።

አንደኛውን እንጀምር። መጽሐፍ ቅዱስ "በድያለሁ" ያሉ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ያሳየናል። ሁሉም ግን አንድ ቦታ አልደረሱም።

ሳኦልን ውሰዱ። ስለ አማሌቅ የተነገረውን ትእዛዝ ጥሶ የተመረጡትን በጎችና በሬዎች አስቀርቷል። ሳሙኤል ሲጠይቀው መጀመሪያ "ፈጽሜያለሁ" አለ። የበጎቹ ድምፅ ሲያጋልጠው "ሕዝቡ ነው" አለ። ቀጥሎ "ለመሥዋዕት ነው" አለ። ሰበብ ሲያልቅበት "በድያለሁ" አለ። ጥሩ፣ ደረሰ ስንል ወዲያው ምን ጨመረ? "አሁን ግን በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ።" አያችሁ? የጨነቀው ፎቶው ነው! ዛሬ ቢሆን "ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ይቅርታ" ብሎ ፖስት ያደርግ ነበር። "ካላችሁ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በድያለሁ አትልም። ችግሩ ያለው እናንተ ቅር ከመሰኘታችሁ ላይ ነው ትላለች።

ዳዊትስ? ጥፋቱን ብንመዝነው ከሳኦል የከፋ ነው። የሰው ሚስት ወሰደ፣ ባሏን በጦር ሜዳ አስገደለ። ናታን "ያ ሰው አንተ ነህ" ሲለው ግን መልሱ "እግዚአብሔርን በድያለሁ" ብቻ ነበር። ሰበብ የለም። "ብቻዬን አልነበርኩም" የለም። "ክብሬን ጠብቅልኝ" የለም። ይቅርታውም እዚያው ተነገረው። የሥራው ውጤት ግን ከቤቱ አልወጣም። ይህንንም አትርሱ፤ ይቅር መባልና መዘዙን አለማየት አንድ አይደሉም።

አሁን ከበድ ያለውን ላምጣ። ይሁዳ። ስለ ይሁዳ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ ቸኩለን እናልፈዋለን። እስቲ ማቴዎስ 27ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ይሁዳ ተጸጸተ። ተናዘዘም፤ "ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ" አለ። ሠላሳውን ብርም መለሰ። ጸጸት አለ፣ ኑዛዜ አለ፣ መመለስ አለ። ታዲያ ምን ጎደለ?

የሄደበትን ቦታ እዩ። የሄደው ወደ ከፈሉት የካህናት አለቆች ነው። እነርሱም "እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ" አሉት። በሌላ አነጋገር፣ "የራስህ ጉዳይ" አሉት። ከዚያ ወጥቶ ራሱን አጠፋ። አሳልፎ ወደ ሰጠው ጌታ አልሄደም። በዚያው ሌሊት ጴጥሮስም ክዶ ነበር፤ ያውም ሦስት ጊዜ፣ ያውም በመሐላ። ወጥቶም ምርር ብሎ አለቀሰ። በኋላ ግን ጌታ በባሕሩ ዳር መሆኑን ሲሰማ ታንኳይቱ እስክትደርስ አልጠበቀም፤ ልብሱን ታጥቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ዳርቻው ሁለት መቶ ክንድ ያህል ይርቅ ነበር ይላል ዮሐንስ።

እዚያ ምን አገኘ? የከሰል እሳት። ዮሐንስ ጴጥሮስ የካደበትን ሌሊት ሲጽፍም ሎሌዎቹ የከሰል እሳት አንድደው፣ ጴጥሮስም ከእነርሱ ጋር ቆሞ ሲሞቅ አሳይቶናል። ጌታ ሦስት ጊዜ "ትወደኛለህን?" ብሎ ጠየቀው። ሦስተኛው ላይ ጴጥሮስ አዘነ። ጥያቄው የነካው ያንኑ ቁስል ነበርና። ስድብ ግን የለም፣ ወቀሳም የለም። "በጎቼን አሰማራ" ተባለ። ሥራ ተሰጠው።

ጳውሎስ በሁለተኛ ቆሮንቶስ 7 ሁለት ዓይነት ኀዘን አለ የሚለው ይህንን ነው። አንዱ ወደ መዳን የሚያደርስ ንስሐን ያመጣል። ሌላው የዓለም ኀዘን ሞትን ያመጣል። ሁለቱም ያስለቅሳሉ፤ በእንባው መጠን ልትለዩአቸው አትችሉም። ሰውየው ከእንባው በኋላ ወዴት እንደሄደ ስታዩ ነው የምትለዩት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይህ ጥያቄ በተለይ ከወጣቶች ይመጣል፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። "መዳን በጸጋ ነው ብላችሁ አስተምራችሁን፣ ዞራችሁ ደግሞ ንስሐ ካልገባችሁ አትድኑም ትላላችሁ። ታዲያ ንስሐው ክፍያ አይደለም ወይ?"

አይደለም። አሁንም እላለሁ፣ አይደለም። የሉቃስ 15ን የጠፋውን ልጅ አስቡ። በሩቅ አገር ሳለ ንግግር አዘጋጀ። "አባቴ ሆይ፣ በሰማይና በፊትህ በደልሁ፣ ወደ ፊትም ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ።" መንገዱን ሁሉ ሲለማመደው እንደመጣ ይታየኛል። ሲደርስ ግን አባቱ ገና ከሩቅ አይቶት ሮጠ፣ አቀፈው፣ ሳመው። ልጁ ንግግሩን ጀመረ። "ልጅህ ልባል አይገባኝም" እስከሚለው ድረስ ሄደ። "ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ" የሚለውን ግን አልተናገረም፤ አባትየው ወደ ባሪያዎቹ ዞሮ "ልብስ አምጡ" ይላል። በድያለሁ የሚለውን ሰማው፣ ሠርቼ ልክፈል የሚለውን አላስነሳውም። ኑዛዜው ተቀባይነት አገኘ፣ ክፍያው ቀረ።

ዘኬዎስም እንደዚያው ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ኢየሱስ "ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል" አለው። ዘኬዎስ ያን ጊዜ አንድ ሳንቲም ለማንም አልመለሰም። ሰዎች ያጉረመረሙትም ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቆሞ "ካለኝ ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፣ በሐሰት የወሰድሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ" ያለው። የከፈለው እንግዳው እንዲገባለት አልነበረም። እንግዳው ስለገባ ነው እጁ የተፈታው። ጳውሎስም ሮሜ 2 ላይ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው ወደ ንስሐ የሚመራህ ይላል። ቸርነቱ ይቀድማል።

ታዲያ ክፍያ ካልሆነ የግድ ለምን ሆነ? የተጨበጠ እጅ ስለማይቀበል ነው። ሰጪው ስጦታውን ይዞ ቆሟል፤ እኔ ግን የሰረቅሁትን ጨብጫለሁ። መዳፌን ብከፍት ስጦታውን ገዛሁት አይባልም። ካልከፈትሁ ግን የሚገባበት ቦታ የለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ "ወንበዴውስ?" የሚል አለ። ደግ። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ለማንም የመለሰው የለም፣ ጊዜም አልነበረውም። ግን ምንም አላደረገም አትበሉ። ያለው ምላስ ብቻ ነበር፣ እርሱንም አዞረው። ጓደኛው ሲሳደብ ገሠጸው። "በእኛስ እውነተኛ ፍርድ ነው" ብሎ ስለራሱ እውነቱን ተናገረ። ስለ ኢየሱስም "ይህ ግን ምንም ክፋት አላደረገም" ብሎ መሰከረ፤ ሁሉም በተቃወመበት ሰዓት! ከዚያም "አስበኝ" አለ። ገነት ተሰጠው። ከመስቀሉ ግን አልወረደም።

በዚህ ጉዳይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት አይናገሩም፤ እዚህም ከተለያየ ቤት የመጣችሁ ስላላችሁ ልደብቀው አልፈልግም። ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች ንስሐን ከምሥጢራት አንዱ አድርገው በካህን ፊት ይናዘዛሉ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1215 የተደረገው አራተኛው የላተራን ጉባኤ እያንዳንዱ ለአቅመ ማስተዋል የደረሰ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ ደነገገ። በ1517 ማርቲን ሉተር በኃጢአት ስርየት ወረቀት ሽያጭ ላይ ሲነሣ፣ ከዘጠና አምስቱ ነጥቦቹ የመጀመሪያው ስለ ንስሐ ነበር፤ የአማኝ ሕይወት በሙሉ ንስሐ እንዲሆን ጌታ ፈልጓል የሚል። ክርክሩ ረጅም ነው፣ ዛሬ አንፈታውም። ግን አንድ ነገር ልበል። የሚናዘዘው ሰው ካህኑ ዘንድ ጨርሶ መውጣቱን እንደ ደረሰኝ ከቆጠረው ተሳስቷል። ካህን የማያስፈልገው ሰውም "በልቤ ጨርሻለሁ" ብሎ ከተቀመጠ ያው ነው። ሁለቱም ገና አልተነሡም።

ደግሞ ሌላ ክርክር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ250 አካባቢ የሮም ንጉሥ ዴክዮስ ሁሉም ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ሠዉ። ስደቱ ሲበርድ እያለቀሱ መጡ። ኖቫትያን የሚባል የሮም ካህን "እነዚህን ቤተ ክርስቲያን መቀበል የለባትም" አለ። ጳጳሳቱ የካርታጎው ቆጵርያኖስና የሮሙ ቆርኔሌዎስ ግን በንስሐ ይመለሱ አሉ። ቤተ ክርስቲያን የያዘችው የእነዚህን ነው። ይህን ያመጣሁት እዚህ ውስጥ "እኔ አልፎብኛል" ብሎ የተቀመጠ ሰው እንዳይኖር ነው። ካለህ፣ ካለሽ፣ ይህ ጥያቄ ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመት በፊት ተጠይቆ ተመልሷል።

እሺ፣ ሦስተኛው። ከእንባው በኋላስ?

አንድ አጎት ነበረኝ፣ ነፍሱን ይማር። ጸሎተኛ ነበር። ሲጸልይ እንባው ይወርዳል፤ ልጅ ሳለሁ አጠገቡ ቆሜ የፊቱን እርጥበት እያየሁ "እንዴት ያለ ቅዱስ ነው" እል ነበር። የማላውቀው ነገር ነበር። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እህቱን "አባታችን ቤቱን ለእኔ ተናዞልኛል" ብሎ አስፈርሟት ነበር። አልተናዘዘለትም። እርሷ አምናው ፈረመች፣ እርሱም ቤቱን በስሙ አዞረ። እንባው የዚህ ነበር፤ ለዓመታት ለእግዚአብሔር ሲነግረው ኖሯል።

አንድ ቀን የሚናዘዝላቸው አባት "ልጄ፣ ይህን ለእኔ ደጋግመህ ነግረኸኛል። ለእርሷስ?" አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ብቻዬን አልችልም ብሎ እኔን ይዞ ሄደ። አክስቴ በረንዳ ላይ ልብስ ስታጥፍ አገኘናት። ተንበርክኮ ነገራት፣ ሳግ እየተናነቀው። እርሷ ማጠፏን አላቆመችም። አንዱን ሸሚዝ አጥፋ ሌላውን አነሣች። ሲጨርስ ቀና ብላ "እንባህ ለአምላክህ ይሁን። ለእኔ ወረቀቱን አምጣልኝ" አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴ ተቆጥቶ ነበር። "ተንበርክኬ ይቅርታ ስጠይቃት ስለ ወረቀት ታወራለች? ልቧ ደንዳና ነው!" አለ። እኔም ያኔ ከእርሱ ጋር ነበርኩ፣ ጨካኝ መስላኝ ነበር። አሁን ስንት ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ አያለሁ። በድሎ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ወዲያው ይቅር ካልተባለ ተበዳይ እርሱ ይሆናል። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ንስሐ የሌላውን ሰው ይቅርታ ማዘዣ አይደለም። ይቅርታው የእርሷ ነው፤ በጊዜዋ፣ በጌታዋ ፊት ትጨርሰዋለች። የእርሱ ድርሻ ወረቀቱ ነው።

ከብዙ ሳምንት ኩርፊያ በኋላ ተነሥቶ ሄደ። ጽሕፈት ቤት ገብተው የቤቱን ግማሽ በስሟ አዞረላት። አልተቃቀፉም፣ ያልሆነውን አልነግራችሁም። ሌላ ቀን ቤቷ ሲሄድ ግን "ተቀመጥ" አለችው።

ይህን እኔ የፈጠርሁት ሥነ ምግባር አይምሰላችሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን 6ን እዩ። በማታለል የወሰደ ሰው ዋናውን ይመልሳል፣ አምስተኛውን እጅ ይጨምራል፣ ለባለቤቱ ይሰጣል፣ ከዚያ ነው የበደል መሥዋዕቱን የሚያመጣው። ዘኬዎስ አምስተኛ እጅ ብቻ ጨምሮ ማለፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን አራት እጥፍ አለ፤ በጉን ሰርቆ ያረደ ሌባ የሚከፍለውን። ራሱን የመዘነው በሌባ ሚዛን ነው። ጌታም በተራራው ስብከት መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሏል። ነነዌንም አስታውሱ። ማቅ ለበሱ፤ ከብቶቹ ሳይቀሩ ማቅ ለበሱ! እግዚአብሔር ግን ምን አየ ይላል? ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸውን። ንጉሡም ያዘዘው እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ነበር። "በእጁ ካለው" ይላል።

ዮሐንስ መጥምቁም ሰዎቹ "ምን እናድርግ?" ሲሉት ለሁሉም አንድ መልስ አልሰጠም። ሁለት ልብስ ላለው፣ አንዱን ስጥ። ለቀራጩ፣ ከታዘዘልህ አብልጠህ አትውሰድ። ለወታደሩ፣ በማንም ላይ ግፍ አትሥራ፣ ደመወዝህ ይብቃህ። እያንዳንዱን በሥራው ቦታ ያዘው። እኔና እናንተ ብንጠይቀው ምን ይለን ይመስላችኋል? ነጋዴውን? መምህሩን? በኢንተርኔት ስም እያጠፋ የሚውለውን? እዚህ መድረክ ላይ የሚናገረውን?

ግን ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን አይታይም። ጆን ኒውተን የሚባለውን እንግሊዛዊ ታውቁታላችሁ፣ "አሜዚንግ ግሬስ" በሚባለው መዝሙሩ። እ.ኤ.አ. በ1748 በማዕበል መካከል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፣ የመመለሱንም መጀመሪያ ከዚያ ይቆጥራል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የባሪያ ንግድ መርከብ ካፒቴን ሆኖ ሠራ! በመርከቡ ላይ ይጸልያል፣ ከታች ሰዎች በሰንሰለት ታስረዋል። በ1754 ባሕሩን የተወው ስለታመመ ነው። በ1764 ካህን ሆነ። በግልጽ በባሪያ ንግድ ላይ የጻፈው በ1788 ነው፤ ባሕሩን ከተወ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ። ያን ጊዜ ግን አልሸፋፈነም። የዓይን ምስክር ሆኖ የራሱን ሥራ ጨምሮ አጋለጠ፣ በመንግሥት ፊትም መሰከረ። የብሪታንያን የባሪያ ንግድ የሚያስቀር ሕግ በ1807 ወጣ፣ እርሱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ።

ይህን እንደ ማጽናኛ ብቻ አትውሰዱት። "እኔም ሠላሳ አራት ዓመት አለኝ" እንዳትሉ! በሰንሰለቱ ለታሰሩት ሰዎች እያንዳንዱ ቀን ዋጋ ነበረው። የእኛ መዘግየት ሁልጊዜ ሌላ ሰው ላይ ይቆጠራል። ሉተር የሕይወት ዘመን ነው ያለውንም በዚህ ዓይን አየዋለሁ። የዛሬ አምስት ዓመት ያላየሁትን ግፍ ዛሬ ካየሁ፣ ዛሬ ነው የምመለሰው።

ሰዓቴ ደርሷል መሰለኝ፣ ሰብሳቢው እያዩኝ ነው። አንድ ጥያቄ በወረቀት ደርሶኛል፣ እርሱን መልሼ ለሌሎቻችሁ ዕድል እሰጣለሁ። "የበደልኩት ሰው ሞቷል፣ ወራሽም የለውም። ምን ላድርግ?" ይላል።

ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ይህም በሕጉ ታስቧል። ዘኍልቍ 5 ቁጥር 8ን አውጡ። የሚመለስለት የቅርብ ዘመድ ከሌለ፣ የሚመለሰው ለእግዚአብሔር ይሆናል፣ ለካህኑም ይሰጣል ይላል። እዳው "ሰውየው ሞቷል" ተብሎ አልተሰረዘም፤ ተቀባይ ተቀየረለት። ስለዚህ ወራሽ የለም ከማለትህ በፊት በደንብ ፈልግ፤ የልጅ ልጅ፣ የእህት ልጅ ሊኖር ይችላል። በእውነት ከሌለ፣ መጠኑን አስበህ፣ የሚገባውን ጨምረህ፣ ለተቸገሩ ስጥ፤ ስምህንም አታስጠራ። ስሙን ያጠፋኸው ከሆነ ደግሞ ባጠፋህበት ቦታ፣ የሰሙህ ሰዎች ባሉበት፣ ስሙን መልስለት። ከዚያ በኋላ "በቂ ይሆን?" እያልክ ሌሊቱን አትቁጠር። ይቅርታውን የሚሰጥህ የከፈልኸው መጠን አይደለም፣ ቅድም ብለነዋል።

ከመካከል እጅ ያወጣሽው እህቴ፣ ማይክሮፎኑን ስጧት። ቀጥዪ።